በአንሴልሞ ስም የሚመጣው ብልቃጥ

ሳልቫሲዮን ላፓዝ ገበያ ውስጥ የደረቀ ዓሣ ትሸጣለች። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያው ቦታ ላይ ተቀምጣለች። ኢሎይሎ ከተማ ውስጥ ሳልቫን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ዓሣ አይበላም። ገዢ ሲከራከራት ዓሣውን ከእጁ ነጥቃ «ሂድ፣ ባሕሩ እዚያ ነው፣ ራስህ አጥምድ» የምትል ሴት ናት። ሰው ሁሉ ደፋር ይላታል። ይህች ደፋር ግን የአንዲት ባለ መድኃኒት ቤት ስም በተነሳ ቁጥር ሆዷ ይቃጠል ነበር። እሷ ግን ቅናት ነው አትልም፤ ንቀት ነው ትላለች።

ባለ መድኃኒት ቤቷ ፌሊሲዳድ ትባላለች። ሃሮ ሰፈር ካለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምበት ጠባብ ቤት አላት። ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት የሰፈሩ በዓል ንግሥት ሆና ስትመረጥ፣ እጇን ይዞ አደባባዩን ያዞራት ጎረምሳ አንሴልሞ ነበር። ሊጋቡ ነው ተብሎም ነበር። እሷ መድኃኒት ቅመማ ልትማር ማኒላ ሄደች፤ ስትመለስ ባል ይዛ መጣች። አንሴልሞም ሳልቫን አገባ። የፌሊሲዳድ ባል ሞቶ አሁን ብቻዋን ትኖራለች። ሳልቫን ብትጠይቋት ይህን ሁሉ ረስታዋለች። የቀሚሱን ቀለም፣ የአበባውን ዓይነት፣ ሙዚቃው ስንት ጊዜ እንደተደገመ አንድ በአንድ እየነገረቻችሁ ረስታዋለች።

እንደተረሳ ይቀር ነበር፤ በሽታው መጣ እንጂ። አንሴልሞ ጂፕኒ የሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ሾፌር ነበር። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ሁለት ሆኖ ታየው፤ የትኛው እውነተኛው እንደሆነ ስላልገባው መኪናውን ዳር አስይዞ ተሳፋሪውን ሁሉ አወረደ። ከዚያ የዓይኑ ቆብ ይወርድ ጀመር። ሐኪሙ የጡንቻ መድከም ነው አለ። ኪኒኑን በቀን አራት ጊዜ ከወሰደ እንደ ሰው ይኖራል፤ ካቋረጠ መጀመሪያ ዓይኑ፣ ቀጥሎ መንጋጋው፣ ቀጥሎ ጉሮሮው፣ በመጨረሻም ትንፋሹ ይደክማል። ሳልቫ ይህን ቅደም ተከተል እንደ ጸሎት በቃሏ ይዛዋለች።

ችግሩ ኪኒኑን ማግኘቱ ነው። ትልልቆቹ መድኃኒት ቤቶች አይዙትም፤ ፈላጊው በከተማው በጣት የሚቆጠር ስለሆነ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ጊዜው ያልፍበታል። ፌሊሲዳድ ብቻ ማኒላ ካለው አስመጪ ጋር እየተጻጻፈች በበሽተኛው ስም ታስመጣለች። ስሙ መዝገቧ ላይ ያለ ሰው ብልቃጡ ይመጣለታል። ስሙ የሌለ ወረፋ ይጠብቃል። አንሴልሞም በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ሐሙስ እየሄደ፣ ለሁለት ሳምንት የሚበቃውን ከፌሊሲዳድ መሳቢያ ይዞ ይመለሳል።

ታዲያ ምን ክፋት አለው ትሉ ይሆናል። ሳልቫ ሻጭ ናት፤ ለሰው ዕቃ ማስቀመጥ ማለት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች። እኛ ዘንድ ደንበኛ ሱኪ ይባላል። ሱኪሽ ሲመጣ ምርጡን ከጠረጴዛው ሥር ታወጪለታለሽ፤ ለሌላው «አልቋል» ትያለሽ። ሱኪ የሆነ ሰውም ከሌላ ቤት አይገዛም፤ ከገዛ እንደ ክህደት ነው። ሳልቫ ራሷ የማትወደው ሱኪ ኖሯት አያውቅም። ስለዚህ አንዲት ሴት ለባሏ በየሁለት ሳምንቱ ዕቃ ከመሳቢያ ስታወጣለት፣ ይህ ነገር ከመድኃኒት ያለፈ ነው ብላ ደመደመች።

ደግሞስ አካሄዱ! ሐሙስ በመጣ ቁጥር ሰውዬው ይላጫል። ነጩን ሸሚዝ ይለብሳል። ሲብስማ ከሳልቫ ጠረጴዛ ሥር ለሱኪዎቿ ያስቀመጠችውን ምርጥ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ «ለፌሊ ልውሰድላት፣ ደክማልናለች» ይላል። ሳልቫ አንጀቷ እያረረ «ውሰድላት እንጂ፣ ምን አለበት» ትላለች። እሱ ጥግ እስኪታጠፍ ጠብቃ ቀጥሎ የመጣውን ገዢ ትሰድባለች። ጎረቤቷ ሽንኩርት ሻጯ ይህን ስለለመደችው «ዛሬ ሐሙስ ነው መሰለኝ» ትላለች።

አንድ ሐሙስ ማታ ብልቃጡን ስታነሳ ሥሩ ላይ በትንሽ ወረቀት የተለጠፈ ጽሑፍ አየች። «ሴሞ፣ በባዶ ሆድ አትውሰደው» ይላል። በቃ። ምክሩ ምክር ነው፣ ሐኪሙም ብሎታል። ግን ሴሞ! እሷ ሃያ ስምንት ዓመት አብራው ስትኖር አንሴልሞ ነው የምትለው፤ ስትናደድ ደግሞ «አንተ ሰውዬ»። ሴሞ የሚባል ሰው ቤቷ ውስጥ መኖሩን ያወቀችው ያን ቀን ነው። ወረቀቱን ላጠችው። ሌሊቱን ሁሉ ስትገላበጥ አደረች፤ ባሏ ምን ሆንሽ ሲላት ትንኝ ነው አለችው።

በማግስቱ ገበያዋን ለሽንኩርት ሻጯ አደራ ሰጥታ፣ አዲስ የተከፈተ ባለ መስታወት ትልቅ መድኃኒት ቤት ሄደች። ቆጣሪው ላይ የቆመችው ልጅ ኮምፒውተሯን ነካክታ «አሁን የለንም እናቴ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል» አለቻት። ጉድ በሉ እንግዲህ! ሳልቫ ራሷ የሌላትን ዓሣ የጠየቃትን ሁሉ «በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል» እያለች ሃያ ስድስት ዓመት የሸኘች ሴት ናት። ከከተማው ሁሉ ይህን ቃል ማመን ያልነበረባት እሷ ነበረች። ቅናት ግን ዓይን ብቻ ሳይሆን ሙያም ያጠፋል፤ አመነች።

ከዚያው በቀጥታ ሃሮ ወረደች። ፌሊሲዳድ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ በትሕትና ተቀበለቻት፤ ወንበር ሰጠቻት። ሳልቫ አልተቀመጠችም። ሌላ ቦታ እንዳገኘች፣ ካሁን በኋላ እንዳትቸገር፣ የአንሴልሞን ስም ከመዝገቡ እንድታወጣው ነገረቻት።

ፌሊሲዳድ መዝገቡን ሳበች። «ኪኒኑን በእጅሽ ይዘሽዋል ወይስ ይመጣል ነው የተባልሽው?» ብላ ጠየቀች።

ሳልቫ ይህን ጥያቄ ሰውዬውን ላለመልቀቅ የምትለው ነው ብላ ተረጎመችው። «ይዤዋለሁ» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ? አንዴ ከሰረዝኩት ቦታውን ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው። ወረፋ የሚጠብቅ አለ።»

«ስጪው። ባለቤቴን እኔ አለሁለት።»

ፌሊሲዳድ እስክሪብቶዋን አንስታ ስሙ ላይ አሰመረች። ሳልቫ መስመሩን እስከ መጨረሻው ቆማ አየችው። ወደ ቤቷ ስትመለስ እንደዚያ ቀን ቀልሏት፣ እንደዚያ ቀን አምሮባት አያውቅም። ባሏን መድኃኒቱን ካሁን በኋላ እኔ ነኝ የማመጣልህ፣ አንተ አትልፋ አለችው። «እንደወደድሽ» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ያ ፊት መዞር ደግሞ ሌላ ሦስት ቀን አበገናት።

ሳምንቱ ደረሰ፤ ሄደች። አልገባም። በሦስተኛው ቀን ሄደች። አልገባም፤ ልጅቷ አሁንም «በሚቀጥለው ሳምንት» አለች። ያኔ ነው የገዛ ቃሏ የገባት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለች ሴት ከሷ በላይ ከየት ይመጣል?

ባዶውን ብልቃጥ በፕላስቲክ ቋጥራ መዞር ጀመረች። ከላፓዝ እስከ ሞሎ፣ ከሞሎ እስከ ወደቡ፣ ያልገባችበት መድኃኒት ቤት የለም። አንዱ ስሙንም አያውቀውም። አንዱ ባለፈው ዓመት ነበረን አለ። ሳልቫ ደግሞ «የለም» የሚል ቃል አታምንም። የለም ማለት ለአንቺ የለም ማለት ነው ብላ አንገቷን አስግጋ ከቆጣሪው ኋላ ስትመለከት፣ አንዱ ቤት ዘበኛ ጠሩባት። ሌላው ቤት ከቦርሳዋ ደረቅ ዓሣ አውጥታ «ሱኪ እንሁን የኔ ልጅ፣ ካለሽ አውጪው» ብላ ለመነች። ልጅቷ ሳቀች፤ ከዚያ የሳልቫን ፊት ስታይ ሳቋን አቆመች። «እናቴ፣ ይሄ መድኃኒት እኮ በሰው ስም ነው የሚመጣው። ሃሮ ያሉ አንድ ሴትዮ አሉ፣ እሳቸው ናቸው የሚያስመጡት። እዚያ ይጠይቁ» አለቻት። በዚያ ቀን ሦስት ቤት ይህንኑ መለሰላት። ከተማው ሁሉ ጣቱን ወደ ፌሊሲዳድ የሚቀስር መሰላት።

አንሴልሞ ነገሩ ሳይገባው አልቀረም። ብልቃጡ ውስጥ የቀረውን እያየ ኪኒኑን ለሁለት ይሰብር ጀመር፤ ግማሹን ይውጣል፣ ግማሹን ይመልሳል። ሳልቫ እያየች እንዳላየች ሆነች። አንድ ቃል ቢናገራት፣ ቢሰድባት፣ ደስ ይላት ነበር። እሱ ግን ዝም አለ፤ እሷም ዝምታውን «እሷን ስላስቀረሁበት ነው» ብላ ተረጎመችውና ካፈርኩ አይመልሰኝ አለች። ሰው ሲሞት እያየ የሚቀና አለ? አለ። ሳልቫ ነበረች።

የመጨረሻው ግማሽ ኪኒን ያለቀ ዕለት ማለዳ የዓይኑ ቆብ ሙሉ በሙሉ ወረደ። በጣቱ አንዱን ቆብ ደግፎ ሊያያት ሞከረ፤ ክንዱም ደከመና ጣለው። የሚወደውን የባቾይ ሾርባ ከገበያ አመጣችለት፤ ኑድሉን ማኘክ አቃተው፤ መረቁ በአገጩ ወረደ። ጠረገችለትና ምን ልሥራልህ አለችው። ስሟን ሊጠራ ፈለገ። አፉን ከፈተ፤ ከ«ሳ» አላለፈም፤ የቀረው አየር ሆነ።

ሳልቫ ተነሣች። ሆስፒታል ደወለች፤ ትንፋሹ ካጠረ ሳትዘገዪ አምጪው፣ ማሽን አለን፣ ኪኒኑ ግን እኛም ዘንድ የለም አሏት። ሽንኩርት ሻጯን ጠርታ አጠገቡ አስቀመጠችና በጓሮ ጫማዋ ሃሮ ሄደች።

መንገዱን ሁሉ ፌሊሲዳድ የምትለውን አስባ ጨርሳ ነበር። ትስቅብኛለች፣ ታስጠብቀኛለች፣ ባለቤቴን እኔ አለሁለት አላልሽም ወይ ትለኛለች ብላ ነበር። መልሱንም አዘጋጅታ ነበር። ፌሊሲዳድ ግን ፊቷን አይታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ይውጣል ወይ አለች። ሳልቫ ራሷን ነቀነቀች፣ አይውጥም።

«አልያዝሽውም ነበር» አለች ፌሊሲዳድ።

«አልያዝኩም ነበር።»

ፌሊሲዳድ መዝገቡን ገለጠች። በአንሴልሞ ስም የመጣው ብልቃጥ ሰኞ ዕለት ለአንዲት የጊማራስ ደሴት መምህርት ተሰጥቷል፤ ተከታዩ ጭነት ከሃያ ቀን በኋላ ነው። ስልኩን አነሣች፤ ከመምህርቷ ጋር ብዙ አወራች፤ ያለመነችው ቅዱስ የለም። ስልኩን ስትዘጋ መምህርቷ ካላት ላይ እስከ ጭነቱ ድረስ የሚያደርሰውን ታካፍላለች አለች። ሳልቫ ባሕሩን አሁኑኑ ልሻገር ብላ ብድግ ስትል፣ ፌሊሲዳድ እጇን ያዘቻት።

«ለማታውቀው ሰው ሕይወቷን ከፍላ አትሰጥም። እኔ ነኝ የምሻገረው። አንቺ ወደ እሱ ተመለሺ፤ ትንፋሹ ካጠረ እኔን ሳትጠብቂ ሆስፒታል ውሰጂው።» ጃንጥላዋን አነሣች። «ይዤው የምመጣው ግን እቤታችሁ ነው። ልምጣ?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ሃያ ስምንት ዓመት ያቺ ሴት ደጃፏን ረግጣ አታውቅም። ሳልቫ ባሕሩን በዋና ተሻገሪ ብትባል ይቀልላት ነበር። ቤቷን አሰበችው፤ የተቀደደውን የወንበር ልብስ፣ የዓሣውን ሽታ፣ አልጋው ላይ አፉ የተከፈተውን ባሏን። ያቺ ሴት እዚያ ቆማ ሴሞ ስትለው ታያት። 

«ነይ» አለች።

ከዚያ ወዲያ የነበረውን ሰዓት ሳልቫ እስከ ዛሬ ስትናገረው ላብ ያጠምቃታል። ነፋሱ በርትቶ ትንንሾቹ ጀልባዎች ከቀትር በኋላ ይቆማሉ ተብሎ ተወርቷል። እሷ የባሏን ራስ በትራስ ቀና አድርጋ ትንፋሹን ትሰማለች፤ መሃል መሃል ትነሣና ቤቱን ትጠርጋለች። ለባሏ ሕይወት እየጸለየች የወንበሩን ቀዳዳ በፎጣ ሸፈነች። ጥሩ ቀሚሷንም ለበሰች። ሽንኩርት ሻጯ ይህን አይታ «አንቺስ አትሞችም» አለቻት።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ፌሊሲዳድ ገባች። የመጨረሻው ጀልባ ላይ ነበረች፤ ጨው ውሃ እስከ ወገቧ አርሷታል፤ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል። ያቺ የበዓል ንግሥት የትም አልነበረችም፤ ብርድ የሚያንቀጠቅጣት አሮጊት ነበረች። ሳልቫን ለአፍታ ጥሩ ቀሚሷ አሳፈራት። ፌሊሲዳድ ኪኒኑን በሁለት ማንኪያ ፈጨችው፣ በጥቂት ውሃ በጠበጠችው፣ ከዚያ ማንኪያውን ለሳልቫ አቀበለቻት። ሳልቫ ቀስ እያለች፣ ጠብታ በጠብታ አዋጠችው።

ኪኒኑ እስኪሠራ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ሁለቱ ሴቶች ከአልጋው ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ሳልቫ ፎጣ አመጣችላት። ከዚያም ዓይን ዓይኗን እያየች የሆዷን አወጣችው።

«ትወጂዋለሽ?»

ፌሊሲዳድ ፀጉሯን ማድረቋን አላቆመችም። «ድሮ እወደው ነበር። አሁን የምወደው እንደዚያ አይደለም። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሰው ሁሉ እትዬ ነው የሚለኝ። በሁለት ሳምንት አንዴ ፌሊ ብሎኝ የሚገባ ሰው አለ። ቁጭ ብሎ ሩብ ሰዓት ያወራኛል። እሱን ነው የምወደው፣ ሩብ ሰዓቱን። ዋሽቼ አልወደውም ብልሽ ደግሞ አታምኚኝም።»

ሳልቫ ልትናደድ ፈለገች፤ እንዳታምናት ደግሞ ነገሩ ውሸት አልነበረበትም። «እሱስ?» አለች።

«እሱን ራሱን ጠይቂው። ሲነቃ።»

የአንሴልሞ ቆብ መጀመሪያ እንደ ክር ቀጭን ተከፈተ። ሁለቱም ቀና አሉ። ጭንቅላቱ ወደ ፌሊሲዳድ ጎን ያዘነበለ ስለነበር መጀመሪያ ያየው እሷን ነው። ፈገግ አለ፤ ያ ከማለዳ ጀምሮ ሞቶ የነበረ አፍ ግራና ቀኙ እኩል ተነሣ። ሳልቫ ያንን ፈገግታ ከጎን አየችው። ሆዷ ተቃጠለ፣ በእውነት ተቃጠለ፤ እንባዋ ደግሞ በደስታ ዱብ ዱብ አለ፤ የትኛው ለየትኛው እንደሆነ እሷም አልለየችውም። ከዚያ አንገቱን ቀስ ብሎ አዞረና ሚስቱን ፈለጋት። «ሳልቫ» አለ፤ ሙሉውን። ቀጥሎም «እርጥብ ናት፣ ምግብ ስጫት» አለ።

ፌሊሲዳድ በላች። ልብሷ እስኪደርቅ የሳልቫን የገበያ ቀሚስ ለብሳ ሩዝና አትክልት በላች፤ ቀሚሱ ሰፍቷት ነበር፤ ይህም ለሳልቫ ትንሽ ሕመም ነበር። ልትሄድ ስትነሣ ከቦርሳዋ ማስታወሻዋን አወጣች። የአንሴልሞን ስም ለሚመጣው ጭነት መልሳ ልታስገባው ነው። አስመጪው ብልቃጡን ከመድኃኒት ቤቱ የሚረከበው ማን እንደሆነ ስም ይፈልጋል አለች። እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ ጠበቀች።

ሳልቫ መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። እኔ ነኝ የምረከበው ማለት ነው፤ ማንም አይፈርድባትም፤ ፌሊሲዳድም ትጽፈው ነበር። ወደ አልጋው ዞር ብላ አየች። አንሴልሞ በሁለት ዓይኑ ጣሪያውን እያየ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው በጣም ጸጥ ብሎ ተኝቷል።

«አንሴልሞ ራሱ» አለች። «እግሩ እስከቻለ ድረስ ራሱ ይምጣ።»

ፌሊሲዳድ ጻፈችው። ሳልቫ መስመሩን እስከ መጨረሻው ቆማ አየች።

ቅናቱ ለቀቃት እንዳትሉ። ምን ሲደረግ! አሁንም ባሏ ሐሙስ ሐሙስ ከደጅ ሲወጣ ሆዷ ይነድዳል፤ እስኪመለስም ገዢ ሁሉ አበሳውን ያያል። ይመለሳል ግን። በሩን ከፍቶ ይገባና፣ በሁለት ዓይኑ እያያት፣ ሳልቫ ይላታል።